ቁልፍ

ስምንት ሺህ ሸሚዝ ተሰቅሏል በተራ፣
አንገቱ ተከፍቶ፣ እንደ ሰው ሲጣራ።
እጅጌው ተሰፍቷል፣ ኮሌታው ቀጥ ብሏል፣
የቁልፉ ቀዳዳ ተከፍፎ አብቅቷል፤
ቁልፉ ግን የለም።

እኔ የመጋዘን ጸሐፊ ነኝ፣ ሐዋሳ፣ ፓርኩ ውስጥ።
ጨርቁ ከቀኑ ቀድሞ መጥቶ፣ መተላለፊያ ዘግቶ፣
ጥቅል በጥቅል ላይ ተጭኖ፣ ጣራ ሊነካ ጥቂት ቀርቶ፤
ክሩ አለ፤ ካምና የተረፈ፣ የማንም ያልሆነ ቀለም፤
ካርቶኑ አለ፤ ተጣጥፎ ተኝቷል፣ ሸሚዝ ያየ ግን የለም።
ያልፈለግነው ሁሉ ቀድሞ ደርሷል፤
የፈለግነው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ግዢ ክፍልን ጠየቅሁ፤ "አዝዘናል" አሉኝ፣
ቀኑን ከነማኅተሙ ከፋይል አወጡልኝ።
ትራንዚት ሄድሁ፤ "አልደረሰንም፣ በደብዳቤ ይጻፍልን።"
ዕቅድ ክፍል ሻዩን እያማሰለ፣
"ቁልፍ? ገብቶ የለ እንዴ?" አለ።
ሦስት በር ነው ባንድ ኮሪደር፣ የሚራራቁት በስድስት እርምጃ፤
ሁሉም ቤት አለ ማኅተም፣ ሁሉም ቤት አለ ማስረጃ።
ሁሉም የድርሻውን ሠርቷል፤ ይኼ ነው የሚያናድደው፣
ጥፋተኛ ብፈልግ አጣሁ፣ የምቆጣው፣ የምወቅሰው።

ከዚያ ሾፌሩ ዱካሞ ደወለ፣ ከሞጆ፤
"አምስተኛ ሌሊቴ ነው፤ ጋቢናው ሆነልኝ ጎጆ።
ቁልፋችሁ እዚሁ ደረቅ ወደብ ነው፣ ከኮንቴይነሩ ሆድ፤
ስድስት መባል ያለበትን ዘጠኝ ብሎት አንድ ሰነድ።
ማን ያስተካክለው ብዬ ብጠይቅ 'ባለቤቱ ይምጣ' ይላሉ፤
ባለቤቱ ማነው? እናንተ ስንት ናችሁ፣ እስቲ በሉ?"

ዝም አልሁ።
ስንት ነን በውነት?

ከስፌት አዳራሹ ጫፍ ጸጋነሽ ላሚሶ አለች፤
የቁልፍ መትከያ ማሽኗን ስድስት ቀን ወልውላለች።
ዘይት አጠጥታ፣ መርፌ ቀይራ፣ ሸፍና፣ ደግሞ ገልጣ፣
ፎቶ እንደሚነሳ ሰው እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ።
የምርት ጉርሻ የለም በዚህ ወር፤ ዳቶ ያለችው አከራይ ግን
አታውቅም የኮንቴይነር ነገር፤ ቀን ነው የምታውቀው፣ ቀን።
"ቁልፉ የት ነው?" ትለኛለች ፈገግ ብላ፣
የሸሚዙን ይሁን የቤቷን ሳትለይልኝ።

እሑድ አሞራ ገደል ወረድሁ፣ እንዲያው ልቤ ቢጠብ።
ጀልባ ሲጠጋ ቢላዋ ተሳለ፣ ተራገፈ መረብ።
ልጁ ቅርፊት ሲገፍ ሴትዮዋ ሳፋዋን ደቀነች፤
ባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ጭና ሄደች።
አባ ኮዳ እንኳ፣ ያ መላጣ፣ ሽማግሌ መስሎ ቆሞ፣
አንጀት የሚጣልበትን ደቂቃ ያውቃል ቀድሞ።
ስብሰባ የለ፣ ደብዳቤ የለ፣ "ለሚመለከተው" የሚል ግልባጭ፤
ዓሣ ካደረ ይሸታል፤ ያውቃል አጥማጅ፣ ያውቃል ሻጭ።
ሸሚዝ ግን አይሸትም።
ሸሚዝ ታጋሽ ነው፤ ዝም ብሎ ያከስራል።

ሰኞ፣ ከልጄ ትምህርት ቤት የተጣለ ጥቁር ሰሌዳ አመጣሁ፤
ከሦስቱ በር መሃል፣ ከውሃ ፊልተሩ በላይ፣ በምስማር መታሁ።
ጨርቅ የት ደረሰ? ቁልፍ የት ነው? ማን ይጠብቃል ማንን?
ውሃ ሊቀዳ የመጣ ሁሉ ይጻፍ አልሁ የሚያውቀውን።
መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ግዢ ጻፈ፤ ከሥሩ ትራንዚት አረመ፤
ያ ዘጠኝ ተገልብጦ፣ ስድስት ሆኖ ቆመ።

ቁልፉ ሐሙስ ገባ። ጸጋነሽ ማሽኗን አስነሳች፤
ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ቀና ሳትል አመሸች።
መርከቡ ግን ሄዷል፤ ሸሚዙን ጫንነው አውሮፕላን ላይ፣
ትርፋችንም አብሮ ተሳፈረ፤ እጁን አውለበለበ ከሰማይ።

ዘንድሮ ደህና ነን መሰለኝ፤ ጨርቁ በቀኑ ይመጣል፤
ዱካሞም ሞጆ ላይ ሻይ ጠጥቶ በዚያው ቀን ይወጣል።
ከዚያ ሐሙስ የተረፈች አንዲት ነጭ ቁልፍ
ኪሴ ውስጥ አለች፤ ስብሰባ ሲረዝም እነካታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሰሌዳው ባዶ ነበር። ደነገጥሁ፤ ጠየቅሁ።
"ጠመኔ አልቋል" አሉኝ።
ለግዢ ነገራችሁ?
ማንም አልነገረም፤
እያንዳንዱ፣ ሌላው የነገረ መስሎት።