የድምፅ ቅርፊት

ቺሎዌ ደሴት ላይ፣ ውሃ መሃል በቆመ ባለ እንጨት እግር ቤት፣
ሮሴንዳ ተወለደች፣ ዝናብ ባላባራ አንድ የነሐሴ ሌሊት።

የእናቷንማ ታውቀዋለች፤ ገና ከሆድ ሆና
በአጥንት ግድግዳ አልፎ ደርሷታል ያ ቃና።
የአክስቷንም በሳምንቷ ለየች፤ ያው ያንድ ቤት ለዛ ቢሆንም፣
የዙልማ ሳቅ ጫፉ ላይ ይሰበራል፤ የእናቷ አይሰበርም።

አባቷ ኦኖፍሬ ግን ባሕር ላይ ነው።
ማታ ማታ በመርከቡ ሬዲዮ
«ትሰሚኛለሽ? እዚህ ነኝ» ይላል፤
ቃሉ እየተንጣጣ፣ በሽውታ ተሸፍኖ ይደርሳል።
እሷም ጡቱን ለቀቅ አድርጋ
ታዳምጣለች።

በሦስት ወሩ መጣ። እርጥብ ሹራቡን አውልቆ
አቀፋት፤ ስሟን ጠራት፣ ድምፁን አለስልሶ፣ አድቅቆ።
ሮሴንዳ አገር ይያዝልኝ አለች!
ይህ ቅርፊቱ የተላጠ ድምፅ የማን ነው?
ያ ሽውታ የት ገባ?

ቆመ ሰውየው፣ በገዛ ቤቱ እንግዳ።
ኋላ ከመደርደሪያው ባዶ የወተት ጣሳ አነሣ፤
አፉ ላይ ደቅኖ፣ በትንፋሹ ሽው እያደረገ፣
«ትሰሚኛለሽ? እዚህ ነኝ።»

ዝም አለች። አፈጠጠች። እግሯን አወራጨች።

ከዚያ ወዲያ በየማታው
ጣሳውን ከአፉ
አንድ አንድ ጣት ያህል አራቀ።