ከበሩ ወዲህ

ትሪየስቴ ቆመናል። ቦራ የሚሉት ነፋስ
ከኮረብታው ወርዶ ገመዱን ሲያላውስ፣
አሥራ ሁለተኛው ፎቅ፣ ከመስታወቱ በር፣
እኔ ነኝ ዘበኛው፣ ነጭ ጓንት አጥልቄ ቆሜ የማድር።

ከበሩ ግንባር ላይ በወርቅ የተሳለ፣
"ከአሥራ ስምንት በታች አይገባም" ያለ
ቃል አለ። እኔ አልጻፍኩት። እኔ አስነብባለሁ፤
ካርድ እቀበላለሁ፣ ዕድሜ እገምታለሁ።

ሲኞር ኤርሚኒዮ መጡ፣ ሰዓት ጠጋኝ የነበሩ፣
በቀኝ እጅ ካርዱን ይዘው፣ በግራ የልጅ ልጅ እየመሩ።
"ሁለት ሰው ከፍያለሁ" አሉኝ "ለዚህ ሳሎን፤
እሷ ሰው አይደለችም? ወይስ ሻንጣ ትሆን?"

ኦርሶላ ትባላለች። ሰባት ዓመት ሞላት።
ከፊት ጥርሶቿ መሃል ሁለቱ የሉባት፤
የአንድ ጫማዋ ማሰሪያ ምንጣፉን ይጠርጋል።
ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደ ጉምሩክ ሹም፤
"ሰባትና አሥራ አንድ ስንት ነው?" አለች። መልስ አልሰጠኋትም።

ከውስጥ አንድ ድምፅ መጣ፣ ከመስኮቱ ወንበር፦
"እባክህ ወንድሜ፣ ዝጋልን ያን በር!"
ፍራው ኤልፍሪደ ናቸው፣ ከግራትስ የመጡ፤
መጽሐፋቸውን አጥፈው እስከ ደጁ ወጡ።
"አርባ ዓመት በሙሉ መዋዕለ ሕፃናት
አስተምሬአለሁ እኔ። አውቀዋለሁ ጩኸት።
ስንት እንባ አብሼ፣ ስንት ጫማ አስሬ፣
ደሞዜን ቆጥቤ፣ ዩሮ በዩሮ ቋጥሬ፣
አሥር ቀን ዝምታ ገዛሁ። ዕቃዬ ነው።
ልጅ አልጠላም። ደከመኝ ነው ያልኩት። ልዩነት አለው።"

ምን ልበል? እውነት አላቸው። ባለፈው ሳምንት
የቲማቲም ጭማቂ አንድ ልጅ ሲደፋበት፣
ምንጣፉን እስኪነጋ የፋቅሁት እኔ ነኝ፣ ተራዬ ሳይሆን።
የኛ ሰዎች "ከልጅ ጋር አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት"
ሲሉ በከንቱ አልተናገሩም፤
እንጨቱን ለልጁ ማን እንደሰጠው ግን አልነገሩም።

ደግሞስ ሳሎኑ ዝም ነው ወይ? አንዱ ከለንደን ጋር
አክሲዮን ይሸጣል፣ በስልክ እየጮኸ፣ እግሩን ሰቅሎ ጠረጴዛ ዳር።
ሌላው ያንኮራፋል፣ ጋዜጣ ተከናንቦ፤
ሁለት ወንድማማቾች በውርስ ይነታረካሉ፣ አንገታቸው ሥር ደም ተሰብስቦ።
ይህን ሁሉ ጫጫታ ደንቡ ዝምታ ይለዋል፤
የልጅ ሳቅ ሲሰማ ብቻ ጆሮው ይነቃል።

ሽማግሌው አልገቡም። "ይሁን" አሉና ቀስ ብለው
ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ ኮታቸውን አጥፈው።
ኦርሶላ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣
ትንፋሿ እንደ ትንሽ ደመና ሲሰፋ፣
በጣቷ ጻፈችበት፦ ሰባት፣ መደመሪያ፣ አሥራ አንድ።
ከዚያ ባሕሩን አየች፣ በሰዎቹ ማጅራት መካከል፣ በዚያች ቀጭን መንገድ።

ዝም።
ቦራ ብቻ ያፏጫል።
ግማሽ ሰዓት ያህል።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። መጽሐፍ በብብታቸው፣
ፍራው ኤልፍሪደ ወጡ፣ ትራስ በእጃቸው።
"እዚህ ይሻላል" አሉ፣ "ውስጡ ይጮኻል በጣም።"
ሰዓት ጠጋኙ ጠጋ አሉላቸው። ሌላ ነገር አልተባለም።
አንድ ገጽ አነበቡ። ሁለተኛውን ሳይገልጡ፣
ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጎንበስ አሉና
የልጅቷን ጫማ አሰሩላት፣ በድርብ ቋጠሮ፣ እንደተቆጡ።

እኔም አርባ ሁለት ሞልቶኝ፣ ካርድ ስለሌለኝ፣
ለካ እስከ ዛሬ ከልጆቹ ወገን፣ ከበሩ ወዲህ ነኝ።

አለቃዬ ዝቮኒሚር ሲያልፍ ሦስቱን አየና
"ምንድነው ይሄ?" አለኝ። "ወረፋ" አልኩት፣ ጓንቴን አስተካከልኩና።
"መስታወቱን ጥረግ።" ጨርቄን አወጣሁ።
ኦርሶላ እንደገና ተነፈሰችበት፤ የጠፋው ቁጥር ተመልሶ አየሁ።
ሰባቱን ጠረግኩት።
አሥራ አንዱን ተውኩት፤ ቶሎ ያልፋል እሱ፣
ማንም ሳይነካው። ይደርቃል በራሱ።