በልክሽ

ሮተርዳም፤ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ በአግድም፣
ከአዳራሹ ደጃፍ፣ ከሐዲዱ ግድም
ድንኳን ተክያለሁ፤ ሸቀጤ ካናቴራ፣
አንዱ ሠላሳ ዩሮ፣ ጽሑፉ የሚያበራ።

አለቃዬ ያፕ ነው፤ ሣጥን ቀደደና
«ትንንሹን ከፊት ደርድሪልኝ» አለና፣
«ልጅ ካላለቀሰች እናት አትገዛምና።»

ደረደርኩ። ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት፣
ከዘጠኝ እስከ ዐሥር፤ ሮዝና ሎሚ ቀለም፣
እያንዳንዱ ደረት አንድ ሐረግ ታትሞበት፦
«በሩ አልተቆለፈም።»

የቀረውን ስንኝ እዚያ ውስጥ ይሉታል፤
ስንት ሺህ ሕፃናት ባንድ አፍ ይጮኹታል።
እኔ አልደግመውም። ዐርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤
ሲመሽ ማን እንደሚመጣ፣
ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይበቃል።

ለነገሩ እኛስ? በሰርግ ዳስ ጓሮ
ያልገባንን ግጥም ስንመታ ከበሮ፣
አክስቴ አየሁሽ፣ ሳቋን በእጇ አፍና፣
«ሂዱ፣ ውኃ ቅዱ!» ትለን ነበር፣ ቆጣ ትልና።
ሰሙን ይዘን ወጣን፤ ወርቁ ቀረ ከዳሱ፤
ስናድግ አገኘነው፣ በጊዜው፣ በራሱ።
ግን ማንም
ያንን ግጥም በልኬ ሰፍቶ፣
ትከሻዬን ለክቶ፣
ዋጋ ለጥፎ አልሸጠልኝም።

እዚህም ሰሙ የልጆቹ ነው።
ወርቁ፣ ካርድ በተነካ ቁጥር፣
ጢጥ ብሎ ወደ ያፕ ይገባል።

ከዚያ አንዲት ልጅ መጣች፣
የጎረቤት ሴትዮ እጇን ይዛት።
«ፌምኬ እባላለሁ» አለች፣ ሳልጠይቃት።
ጠጉሯ ረጥቧል። ሳንቲሟን በካልሲ ቋጥራለች፣
አንገቷ ላይ በጫማ ማሰሪያ ቁልፍ አንጠልጥላለች።

«የቱን ወደድሽ?»
«የበሩን።»
«ምን ማለት ይመስልሻል?»
ምላሴን ነከስኩ፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

አየችኝ፣ ትልቅ ሰው ይህን እንዴት ያጣዋል በሚል ዓይን።
«እቤት ሰው አለ ማለት ነዋ።
ቁልፍ አያስፈልግሽም። ስትገቢ መብራቱ በርቷል።»

ሴትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፦
«እናቷ ወደብ ላይ ነው ሥራዋ። ሌሊት ሌሊት።»

«በልክሽ አልቋል» አልኳት።
ቢያንስ ይህን ልበል ብዬ።
በአንድ ጣቷ አሳየችኝ፣ ከፊት ያለውን ክምር፣
ከዘጠኝ እስከ ዐሥር፣
በገዛ እጄ የደረደርኩትን።

ያፕ ያፏጫል። ዝናቡ አላባራም።
ካልሲውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍን፤ ቆጠርን፣ ሁለታችንም በየቋንቋችን፣
ከንፈራችን እየተንቀሳቀሰ።

በእርጥቡ ካፖርት ላይ ደርባው ሮጠች።
ቁልፉ ከላይ ቀርቶ፣
«አልተቆለፈም» የሚለው ቃል ላይ እየነጠረ፣
እየነጠረ፣
በሩ እስኪውጣት።

ሃምሳ ሳንቲም ጎድሎ ነበር።
እኔ ሞላሁት።