ለኋላ በር ባላ

ከጡረታዬ ቆጥቤ፣ ከሰው እጅ የገዛኋት፣
ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ነጭ ቀለም የቀባኋት፣
ቤትም መኪናም ነች፤ አልጋዋ ከነምድጃዋ፤
ቂርያት መላኺ፣ ከሕንፃው ጓሮ፣ ባህር ዛፍ ሥር ነው ማረፊያዋ።

የኋላ በሯ እንደ ሙዳይ ክዳን ሽቅብ ሲከፈት፣
ጋዝ የታመቀባቸው ሁለት ቀጫጭን ብረት
ግራና ቀኝ ገፍተው ያቆሙታል ከአናት።
ፋብሪካው ሲሠራቸው ባዶ በር ነው የመዘነው፤
እኔ ግን ያልሰቀልኩበት፣ ያላሰርኩበት ምንድነው?
የኔ ብስክሌት አለ፣ የልጄ የሊአት አለ፣
ታጣፊ መሰላል፣ ጀሪካን፣ በገመድ የተንጠለጠለ፣
አበረሽም «ይኼስ?» እያለች ያመጣችው ምንጣፍ፣
ተጠቅልሎ፣ ታስሮ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

መጀመሪያ ቀስ እያለ ነበር በሩ የሚወርደው፣
ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንቅልፍ እንደሚያዳፋው ሰው፤
ጎንበስ፣ ቀና፣ ደግሞ ጎንበስ።
ኋላ፣ በጥር ብርድ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ዝቅ ብዬ ጀሪካን ላወርድ፣
ጓ!
ማጅራቴን።

አበረሽ በረዶ በፎጣ ይዛ ከሦስተኛ ፎቅ ወረደች፤
ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፍና «እግዜር አተረፈህ» አለች።
«አሽዶድ ወደብ ሃያ ስድስት ዓመት ክሬን ሲነዳ
ኮንቴነር ያልነካውን ሰው የገዛ በሩ ጎዳ!»

የወለል መወልወያዋን እንጨት ሰርቄ ደገፍኩት፤
ከአስቀሎና በኩል ነፋስ መጣ፤ መንገድ ላይ ለቀምኩት።

ገናዲ ጋራዥ ወሰድኳት። የሻንጣ ሚዛን አንጠልጥሎ፣
አንድ በአንድ መዘነ፤ ካርቶን ላይ ደመረ፦ አርባ አንድ ትርፍ ኪሎ።
የሱም ዕብራይስጥ እንደኔው አንካሳ ነው፤ እንግባባለን።
«ጠንካራ ጋዝ ቀላል ነው» አለ፤ «ዛሬውኑ እንገጥማለን።
ግን ስማኝ፤ ብስክሌቶቹን ያወረድክ ዕለት፣
በሩ ሽቅብ ተወርውሮ ማጠፊያው ይጣመማል፤ መዝጋቱም ጉልበት።
ጋዝ ሸክሙ እንደወረደለት አያውቅም፤
መግፋት ነው የሚያውቀው፤ አይጠይቅም።»

ሒሳቤን ልከፍል ኪሴ የገባ እጄ እዚያው ቀረ።
ሦስቱ አግብተው ወጥተው፣ ቤቱ ከሰው ከተራቆተ ከረመ፤
አርብ አርብ ግን ለሰባት ሰው ዳቦ ተሸክሜ ደረጃ የምወጣ እኔ።
ሊአት ሥራ ስትገባ «ደረስሽ?» ስትወጣ «የት ነሽ?»
አንድ ቀን ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣
«አባ፣ አትግፋኝ» ብላኛለች፤ «ቆሜያለሁ እኮ።»

ጋዙን አላስቀየርኩም።

ማዘጋጃ ቤቱ ባህር ዛፉን ሲመለምል፣
ከተጣለው መሃል ጫፉ መንታ የሆነ ቅርንጫፍ መረጥኩ፤
ላጥኩ፣ አደረቅኩ፣ በበሩ ልክ ቆረጥኩ።
ከሥሩ የምርኩዝ ጎማ፤ ከመንታው ላይ፣ ቀለም እንዳይፍቅ፣
አሮጌ ካላማዳሪ ጠመጠምኩበት።
ሲጫን ይቆማል፤ ሲራገፍ ከአልጋው ሥር ይተኛል።
ሊአት «ስሙ ማነው?» አለች። ባላ። ዕብራይስጡን ፈልገን አጣነው፤
«ባላ፣ ባላ» ስትል ዋለች፣ ከረሜላ እንደሚመጥ ሰው።

መጋቢት ላይ ሃይፋ ቤት ተከራየች።
ብስክሌቷን ወሰደች። አበረሽ ምንጣፉን ጨመረችላት።

በማግሥቱ በሩን ከፈትኩ።
ተነሣ። ቆመ።
ትንሽ ዝቅ አለ።
ደግሞ ቆመ።
ባላውን በእጄ ይዤ፣ አንገቴን ከበሩ ሥር አርቄ፣ ብዙ ቆየሁ።
ስለ ሙሉው ሸክም ነግሮኛል፤ ስለ ባዶውም ነግሮኛል፤
ስለ ግማሹ ገናዲ ምንም አልነገረኝም።