ባዳ ጆሮ

ሽምብጥ ሰፈር ሳድግ፣ ስሜ ደንቆሮ ነበር፤
እናቴ ደጅ ቆማ፣ ስትጣራ ስትዞር፣
እኔ ደንገሉ ሥር፣ ጀርባዬን ሰጥቼ
የጉማሬ ትንፋሽ፣ እቆጥራለሁ ሰምቼ።
ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር።
ከዚያ ውሃው ጭር።

መምህር ምናሉ፣ «ሰባት በስምንት?» ሲሉ፣
እኔ ጣራው ላይ ነኝ፤ ልጆች ይስቃሉ።
ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ፣ ከምዕራብ ሲመጣ
በየትኛው ምስማር፣ ውሃው እንደሚወጣ
አውቅ ነበር።
ማባዛት ግን፣ አላውቅም ነበር።

ቆሮሶ በኪሎ፣ ሸጥኩ፤ ሂሳብ ጠፋኝ፣ ከሰርኩ።
ፀጉር ቤት ተቀጠርኩ፤ የሰው ጆሮ አቃጠልኩ።
ኋላ በአክስቴ ልመና፣ ጋሽ ሽባባው ጀልባ ላይ
ወደ ዘጌ ምልልስ፣ ሆንኩ ገንዘብ ተቀባይ።

አንድ ማለዳ ወደቡ ላይ፣ ገመድ ገና ሳይፈታ፣
ከወለሉ በታች፣ ከሞተሩ ቦታ፣
ቱ ቱ ቱ ቱ፣
ቱ ቱ… ቱ።
አንዷ ምት ጎደለች።
ልትናገር ብላ፣ አፏን ከፍታ ሳለች
ቃሏን መልሳ በላች።

«ደሳለው» አልኩት፣ መካኒኩን፣ «አንድ እግሩን ያነክሳል።»
«ሞተር እግር አለው?» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ስቋል።

ክብራን ገብርኤልን አልፈን፣ ነፋሱ ሲነሳ፣
ሳቁም ሞተሩም ቆመ።
ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ማዕበል ሲንጠን፣
ሃያ ሁለት ሰው ስለት ሲሳል፣ ሲያየኝ፣
«ሟርተኛ» እያለ በዓይኑ፤
እኔ ደግሞ ላስታውክ ጎንበስ ብዬ
ከጀልባዋ ሆድ የቀረውን ዝምታ ስሰማ።

በማግስቱ ደሳለው፣ በናፍጣ እጁ ጠቁሮ፣
ካቻቢቴ ሰጠኝ። አይስቅም እንደ ድሮ።
«ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮሽ ላይ።
ንገሪኝ እስቲ» አለ።

ነገርኩት።
ሦስተኛው ኖዝል፣ ጉሮሮው ታንቋል።
ኩሺኔታው፣ ጥርሱን እንደ ሕፃን ያፋጫል።
ቺንጋዋ ታፏጫለች፤ እሷ ግን ደህና ናት፣
ጠባይዋ ነው፣ ተዋት።

«ማን አስተማረሽ?» አለኝ።
«ምኑን?» አልኩት።
እውነቴን ነው። እኔ እኮ፣ ሁሉም ሰው
የሚሰማው መስሎኝ፣ ሰምቶ ዝም ያለው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲባል፣
ስለ ሐሜት ብቻ፣ ይመስለኝ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ።
ደስታ አልነበረም፤
የአባቴ ደረት ነው፣ ከጨለማው የመጣብኝ።
ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ግድግዳውን ተሻግሮ
አንዲት ምት ስትጎድል፣ ሰምቻት ነበር ድሮ።
ሁሉም የሰማት መስሎኝ።
የሚያውቁት ነገር መስሎኝ።
ዝም አልኩ።

አሁን አራት ጀልባ፣ አንድ የወፍጮ ቤት
ስልክ ይደውሉልኛል፣ ሲታመምባቸው ብረት።
መልስ ስሰጥ ዛሬም እሳሳታለሁ፤
ሰርግ ቤት ብጠራ፣ የላላ ክራር ይዞ
አዝማሪው ሲነሳ፣ በጓሮ እወጣለሁ።
ማታ ደግሞ ናፍጣ የነካው ደብተር ላይ
ስንኝ እቋጥራለሁ። አንዳንዴ ያነክሳል።
ካቻቢቴዬን ፊደሉ ላይ እተክላለሁ፣
እጀታውን ወደ ጆሮዬ፦
የትኛዋ ቃል ናት፣ ጉሮሮዋ የታነቀ?

ትናንት እንዲህ ስታገል፣ አንዲት ቃል አልፈታ ብላ፣
እናቴ ከደጅ ተጣራች።
«ውዳላት!»
ከ«ዳ» እና ከ«ላ» መሃል፣
ፀጉር የምታክል ስንጥቅ።

ደብተሬን ዘጋሁ።
በመጀመሪያው ጥሪ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወጣሁ።
«ተነሽ እማ፣ ፈለገ ሕይወት እንሂድ።»
«ምን ሆኜ?»
«ምንም። እንሂድ።»

«አንቺ ደንቆሮ!» ብላ ሳቀች።
ነጠላዋን ግን አነሳች።