አሥራ አንድ ሰከንድ

ሻምበል ሃልቫርድ በመጽሐፉ፣ ገጽ ሰማንያ ላይ፣
«ጉም ነበር» ይላል፤ «የገዛ መዳፍን የማያሳይ።»
አባቴ በቴፑ፣ ሳል በሚቆርጠው ድምፁ፣
«ጨረቃ ነበረች» ይላል፤ «ይለይ ነበር የሰው ቅርጹ።»
የጀርመኖቹ መዝገብ ስለ ሰማዩ አንዳችም አይል፤
«አንድ ጥይት፤ ጸጥታ፤ ከዚያ ብዙ ጥይት» ይላል።

ሰባት ሆነው ሄዱ፣ የራዲዮ ጣቢያ ሊያፈርሱ፤
ጣቢያው ቆሞ ቀረ። ሁለት ተመለሱ።
የተመለሱት ሁለቱ፣ ሼትላንድ ወደብ ከወረዱ ወዲያ፣
ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም፣ በመንገድም በገበያ።

«አሥር አለቃው ዘብ ላይ ተኝቶ ነው ያስፈጀን።»
ይቺን አንዲት መስመር ነው ሻምበሉ ያወረሰን።
እናቴ ያንን ገጽ ማታ ማታ በመርፌ ትወጋው ነበር፤
ወንፊት ሆነ ወረቀቱ፤ ክሱ ግን እንዳለ ነበር።

ልፍቃት ብዬ ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመት፤
ከኦስሎ ቤተ መዛግብት እስከ ፍራይቡርግ ምድር ቤት፣
አቧራ ስውጥ፣ የሙታን ፊርማ ሳስተያይ፣
ቁጥር እንኳ አልገጥም አለኝ፣ አንዱ ካንዱ ላይ።
በሐውልቱ ድንጋይ አምስት ስም ተቀርጿል፤
የጀርመኖቹ መዝገብ ስድስት ሬሳ ይላል፦
«ስድስተኛው ቁመቱ አጭር፤ የእንጨት ጫማ፤ ወታደር አይመስልም።»
ከዚህ በላይ አንድ ቃል የለም።

አባቴም በቴፑ መቁጠር ይጀምራል፦
«ኦድቫር። ቴርዬ። ማግኔ። ሁለቱ የሩድ ልጆች። እና...» ይላል።
ከዚያ ዝም።

አሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤ ለክቼዋለሁ።
ከጀርባው ማንቆርቆሪያ ሲንተከተክ እሰማለሁ፤
ወንበር ሲንቋቋ።
ጠያቂው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሌላ ያነሳል፤
አባቴም ስለ ጀልባው ሞተር ማውራት ይቀጥላል።

ላንግሼር ደሴት በጥር ደረስኩ። ፀሐይ የለችም እዚያ፤
ቀኑ ሲመሽ ይውላል፣ ከሌሊት ወደ ሌሊት መሸጋገሪያ።
«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ላለው ሰው፣
የማይነጋበትን አገር ማን ባሳየው።

ጉድቬግ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ጠፍቷል፤
መረብ ትጠግናለች፤ ጣቷ ያያል።
ወረቀቴን ሁሉ፣ የሦስቱንም ቃል፣ አነበብኩላት።
ጉምና ጨረቃው ጋ ስደርስ ሣቅ መጣባት።
«ሁለቱም አልዋሹ» አለች፤ «ብርዱ ሲጠና ባሕሩ ይተነፍሳል፤
ጉሙ ግን ወገብ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ሰማይ ይታያል።
የተኛ ጉም ያያል፤
የቆመ ጨረቃ ያያል።»

አባቴ ቆሞ ነበር።
ዘጠኝ ዓመት የፈለግኩት ይኸው፣ ከአንዲት ዓይነ ሥውር አፍ፦
ነቅቶ ነበር።

ደስታዬ ሳይሞቀኝ ቀጠለች፦ «ወንድሜ ኤንዳር፣
ቀዛፊያቸው፣ አሥራ አምስት ዓመቱ፣ ጀልባው ጋ ቆይ ተብሎ ነበር።
ጀርመኖቹ መንቃታቸውን አየ፤ ሊነግራቸው ሮጠ በእንጨት ጫማው፤
ከኋላቸው መጣ። የመጀመሪያው ጥይት ከባሕሩ ወገን ነው።»
«ማን?» አላልኩም። እሷም አልጨመረችም።
ክሯን ቋጠረች፤ በጥርሷ በጠሰች፤ እጇ አልቆመም።

ከቦርሳዬ ቴፑን አወጣሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ።
የአባቴ ድምፅ ያንን ጠባብ ማድቤት ሞላው።
«...ማግኔ። ሁለቱ የሩድ ልጆች። እና...»
ማንቆርቆሪያው ተንተከተከ።
ወንበሩ ተንቋቋ።
ጉድቬግ ከመረቧ ቀና ሳትል፣
«ኤንዳር» አለች ቀስ ብላ፣
ስም የጠፋበትን ሰው እንደምታስታውስ።

የቀረውን ሰከንድ አልቆጠርኩም።