አርባ ሁለት ነጥብ ስምንት

አስፋልቱ የሚያልቅበት፣ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣
ጋሽ ደበሌ ተኝቷል፤ ጣቶቹ በረዶ፣
ጭኑ ግን ይሞቃል።
አራት ቀጫጭን ሽቦ ሥጋው ውስጥ ተቀብሮ
የውስጡን ይነግረኛል በየሰከንዱ ቀምሮ።

አርባ ሲል ገና ነው፣ ዕጢው ምንም አይለው፤
አርባ አንድ፤ ግንባሩን ላብ ችፍ ችፍ ሲያደርገው፣
«ሠላሳ ዓመት» አለኝ፣ «ብረት አቅልጫለሁ፣
ሙቀቱን ከቀለሙ በዓይኔ አውቀዋለሁ፤
ቀይ ሲሆን ጥሬ ነው፤ ብርቱካን ሲል ጠብቅ፤
ነጭ ሲሆን አፍስሰው፣ ቅርጹ ውስጥ ይዝለቅ።
የእኔስ ሥጋ አሁን ምን ቀለም ያዘ?»

ምን ልበለው? ሥጋ በቀለም አይናገርም፤
አንድ ዲግሪ ሲጎድል ዕጢው አይሞትም፣
ሁለት ሲተርፍ ደግሞ ጤነኛው አይተርፍም።

ሦስተኛዋ ሽቦ፣ አጥንቱ ጋ ያለችው፣
አርባ ሦስትን ድንገት በሰባት ነጥብ ዘለለችው።
«አቃጠለህ?» ብለው፣ «ኧረ ምን!» አለኝ፤
እሳት ለምዶ ኖሮ፣ አፉ ሸሸገኝ፤
እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ አቤት አለችኝ።

ኃይሉን ቀነስኩ። ጠበቅሁ። ደጅ የሲሚንቶ መኪና
አቧራ እያቦነነ አለፈ፤ መብራቱ ብልጭ አለና
ተመለሰ። ነፍሴም።
አርባ ሦስት። ነጥብ ዘጠኝ። ስምንት።
እዚያ ላይ ቆመች።

«ስንት ደረሰ?» አለ። ነገርኩት።
«ይኼማ ሰም እንኳ አያቀልጥ!»
ሳቁ ጭኑን ሲነቀንቀው ቁጥሯ ደነገጠች።
«አትሳቅ!» አልኩት፣ «ሽቦዋ ትወጣለች።»
ገና ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፤
ሳቁን እንደ ትኩስ ድንች
በጉንጩ ይዞታል።